ተቀምጦ መሮጥ

ጥይት የሚለውን ስም ያወጡላት የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው ሠራተኞች ናቸው። ያኔ ገና ለጋ ወጣት ነበረች። ቀኑን ሙሉ ፈትል ክፍል ውስጥ በማሽኖቹ መሀል ወዲያ ወዲህ ስትል ትውልና፣ ደወል ሲደወል ሌላው እግሩን እየጎተተ ወደ ቤቱ ሲያዘግም፣ እሷ ፀጉሯ ላይ የተለጠፈውን የጥጥ ብናኝ እንኳ ሳታራግፍ ከፋብሪካው ጀርባ ወዳለው ሜዳ ትወርዳለች። ዘበኞቹ «ይቺ ልጅ ስትነሳ አትታይም፤ ስትደርስ ነው የምትታየው» ይሉ ነበር። ከእሷ እኩል መሮጥ የምትችል ሴት አንድ ብቻ ነበረች፤ ማጠንጠኛ ላይ የምትሠራ፣ ቀጭን፣ ረዥም፣ ስትሮጥ ከወገቧ በላይ ውልፍት የማትል ልጅ። እሷን ደግሞ ሸምበቆ ይሏታል።

ሁለቱ ጓደኛሞች ነበሩ። ጓደኛ ሲባል እንዲያው ለወሬ አይደለም። ከአንድ ምሳ ዕቃ በልተዋል፣ አንዷ ስትታመም ሌላዋ ተረኛ ሆና ሠርታላታለች፣ የጥይትን ደህና የመሮጫ ጫማ ተራ በተራ አድርገዋል። የሸምበቆ እግር ስለሚተልቅ ጣቶቿን እጥፍ አድርጋ ነበር የምትሮጥበት። «ጣቴን ዘርግቼ ብሮጥ የት በደረስኩ!» እያለች ትቀልድ ነበር።

ከዚያ የምርጫው ውድድር መጣ። ከየፋብሪካው ከሚሰለፉት ሴቶች ሁሉ አንዷ ብቻ ወደ ትልቁ ክለብ የምትገባበት ሩጫ ነው። በመጨረሻው መታጠፊያ ላይ ሁለቱ ትከሻ ለትከሻ ነበሩ። ሸምበቆ ከውስጥ፣ ጥይት ከውጭ፤ ከሸምበቆ ፊት ደግሞ የደከመች አንዲት ሯጭ መንገድ ዘግታለች። ጥይት ማሸነፏን በእግሯ ጣት ሳይቀር አውቃዋለች። በዚያች ቅጽበት የሸምበቆ ክርን ጎድኗ ላይ ተሰነቀረ፤ ወዲያው የሸምበቆ ተረከዝ ከእግሯ ጋር ተጠላለፈ። ጥይት ከመሮጫው ዳር ያለው የሲሚንቶ ጠርዝ ላይ በጉልበቷ ተከሰከሰች። ቀና ስትል ያየችው የሸምበቆን ጀርባ ነው። ያ ጀርባ አሁንም ውልፍት አይልም ነበር።

ዳኞቹ አላየንም አሉ። ሰውም «መቼም ግፊያ አይቀርም» ብሎ ተበተነ። ሸምበቆ ሆስፒታል ድረስ መጥታ ጠየቀቻት፤ ሙዝና ብርቱካን በፌስታል አንጠልጥላ፣ የክለቡን አዲስ ቱታ ለብሳ። ከአልጋው ጫፍ ተቀመጠችና የጥይት ጉልበት ላይ የተጠመጠመውን ፋሻ ዓይታ፣

«ምን ይደረግ እህቴ፣ ሩጫ ነው» አለቻት።

ጥይት ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ፍሬውን ለአስታማሚዎች አድላ ቂሟን ይዛ ከሆስፒታል ወጣች።

ጉልበቷ እንደ ድሮው አልሆነም። ፋብሪካው ቁጭ ተብሎ የሚሠራ ሥራ ሰጣት፤ ቁጭ ማለት ግን ለእሷ እስር ቤት ነው። ወፈረች፣ ተነጫነጨች፣ እናቷን አስመረረች። ሬዲዮ ላይ የሩጫ ዜና ሲመጣ ተነስታ ትዘጋዋለች። ሸምበቆ የሆነ አገር ሄዳ የሆነ ደረጃ አገኘች ሲባል የሰማች እንደሆነማ ያን ቀን እህል አይወርድላትም።

«አንቺ ልጅ፣ ይኼ ነገር አንቺን ነው የሚያከስልሽ፤ እሷ እንደሆነ ሞቋታል» ትላለች እናቷ።

«ይሙቃት እማዬ። አንድ ቀን አቃጥላታለሁ።»

እግሯን ያሽላት የነበረው የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ሳይክል ንጂ ሲላት የሰደባት ነበር የመሰላት። «ሩጫ ላይ እያንዳንዱን እርምጃ የሚቀበለው ጉልበትሽ ነው» አላት ትዕግሥት በተሞላበት ድምፅ፤ «ሳይክል ላይ ክብደትሽን ኮርቻው ይይዝልሻል። እግርሽ ይዞራል እንጂ መሬት አይመታም። ልብሽና ሳንባሽ ግን ሥራቸውን አያጡም።» መጀመሪያ ሰሞን በክፍሉ ጥግ የተተከለውን የማይሄድ ሳይክል ስትዘውር እያለቀሰች ነበር። ያስለቀሳት ሕመሙ አልነበረም፤ የትም አለመድረሷ ነበር። እየቆየ ግን ፔዳሉን የምታከብደውን ማጥበቂያ አንዲት ጥምዝ ስትጨምርባት ጭኗ ውስጥ እሳት እንደሚነሳ፣ ትንፋሿ እንደ ሜዳው ጊዜ እንደሚቆራረጥ አየች። ያቺን እሳት ስታገኛት ያጣችውን ዘመድ ያገኘች ያህል ሆነች። ከዚያ ወዲያ ከሳይክል የሚያወርዳት ጠፋ።

በዚህ ሁኔታ ነው ዓመታት አልፈው፣ ፋብሪካውን ትታ፣ ከጎማ መሸጫው ሱቅ በላይ ፎቅ ላይ ባለው ጂም የሳይክል አሰልጣኝ ሆና የተቀጠረችው። የጂሙ ባለቤት ድሮ የጭነት መኪና ሾፌር የነበሩ፣ ሆዳቸው ከመሪው ጋር አብሮ ያደገ ሰው ናቸው። ሲናገሩ ግድግዳው ስለሚነዝር ጋሽ ጡሩምባ ይባላሉ። ራሳቸው አንድም ቀን ስፖርት ሲሠሩ የታዩበት ጊዜ የለም። «እኔ የማበረታታ ነኝ» ይላሉ። ጥይትን ግን ይወዷታል። ትምህርቷ የተወደደ ነው፤ ሳይክሎቹ ጠዋትም ከሥራ መልስም ሞልተው ይውላሉ፣ መስተዋቱ በላብ ጉም ይሸፈናል።

አንድ ሰኞ ጠዋት ጋሽ ጡሩምባ አንዲት ሴት አስከትለው ገቡ።

«ተዋወቁ! የሩጫ አሰልጣኝ አመጣሁላችሁ! የመሮጫ ማሽኖቹ እኮ ልብስ መስቀያ ሆነው ቀሩ!»

ጥይት ፎጣ እያጠፈች ነበር። ፊቷን ሳታይ በፊት አቋቋሟን አየች፤ ከወገብ በላይ ውልፍት የማይል አቋቋም። ደሟ ወደ ጆሮዋ ወጣ። ሸምበቆ ግን ፈገግ ብላ እጇን ዘረጋች፣ «እኛማ እንተዋወቃለን፤ የልጅነት ጓደኛዬ ናት» አለች። ጥይት ፎጣውን እንደያዘች ጨበጠቻት። በዚያች ደቂቃ ከደረጃው ገፍትሪያት የሚል ሐሳብ በአእምሮዋ ውል ብሏል። ማታ እናቷ ምን አስቀረሽ ብላ ስትጠይቃት አልዋሸቻትም፤ «ደረጃው አጠረብኝ» አለቻት።

ሸምበቆ ሥራዋን ታውቃለች፤ ይኼን ጥይትም አልካደችም። የመሮጫ ማሽኖቹ ቀስ በቀስ ሰው አገኙ። ክፍሉ አንድ ስለሆነ ግን አንዷ የምትናገረውን ሌላዋ ትሰማለች። ሸምበቆ ደግሞ ድምፅዋን ዝቅ ማድረግ አልለመደችም።

«ሳይክል ማለት እኮ ተቀምጦ መሮጥ ነው» አለች አንድ ቀን ሯጮቿን እያሳሳቀች። «ተቀምጦ የሚሮጥ ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? ሩጫ ሁለመናችሁን ነው የሚጠይቀው። ክብደታችሁን ራሳችሁ ናችሁ የምትሸከሙት። እዚያ ማዶ ግን ወንበር አለ። ጋዜጣ ብቻ ነው የጎደለው!»

የጥይት ቆሽት አረረ። ይበልጥ ያበገናት ደግሞ ግማሹ እውነት መሆኑ ነው። አልፎ ተርፎ ወደዚያ ወንበር የወረወራት ማን ሆነና ነው!

ከጥይት ደንበኞች አንዷ የመድኃኒት ቤት ሠራተኛ ናት፤ ነገር ካልገባት የማትተኛ። ላቧን እየጠረገች መጣች። «እውነት ግን የቱ ነው የሚያደክመው? እኔ እዚህ ልሙት ወይስ ወደዚያ ልሂድ?»

ጥይት ልትሳደብ አፏን ከፈተች፤ ግን ስለ ስፖርት መዋሸት አልሆነላትም። «በእኩል ሰዓት፣ ዝም ብሎ ቀለል አድርጎ ለሚሠራ ሰው፣ ሩጫ ይበልጥ ያደክማል» አለች። «ሩጫ ላይ መስነፍ አትችዪም፤ ከሰነፍሽ ቆመሻል ማለት ነው። ሳይክል ላይ ግን እግርሽን እያንቀሳቀስሽ ልትሰንፊ ትችያለሽ፤ ቁልቁለት ካገኘሽማ እግርሽን ሰብስበሽ ትሄጃለሽ። ነገር ግን ማጥበቂያው የጠበቀ እንደሆነ ያን ሁሉ ሥራ ጭንሽ ብቻውን ነው የሚችለው። ሩጫ ላይ እጁም ወገቡም ባቱም ይረዳዳል። እዚህ ግን ጭንን የሚያግዘው የለም።» ከዚያ ሸምበቆ እንድትሰማ ድምፅዋን ከፍ አደረገች። «የሚጠራጠር ሰው ካለ ይውጣና ይቅመሰው።»

ሰው ሁሉ ወደ ሸምበቆ ዞረ። የማሽኖቹ ጎማ ብቻ ይንሿሿል።

«እቀምሰዋለሁ» አለች ሸምበቆ። «አንቺም የእኔን ከቀመስሽ።»

«እሁድ ጠዋት!» ብለው ጮኹ ጋሽ ጡሩምባ፤ ማንም አልጠየቃቸውም። «እያንዳንዳችሁ በሌላኛዋ ማሽን! ሰው ሁሉ ይምጣ!»

እሁድ ደረሰ። ጥይት ከቤቷ ስትወጣ ፌስታል ይዛ ነበር፤ ውስጡ ሙዝና ብርቱካን። እናቷ አይታ፣ በሩን ስትዘጋ ራሷን ነቀነቀች።

የሁለቱም ደንበኞች ተሰብስበዋል፤ አንዳንዷ ልጇንና ባሏን ጭምር ይዛ መጥታለች። ሸምበቆ ከፊት ረድፍ ያለው ሳይክል ላይ ወጣች። ረዥም እግሯን ስታስተካክል ቀልድ አላጣችም፤ «ሻይ ይምጣልኝ እንግዲህ!» አለች። ሰው ሳቀ። ጥይትም ሳቀች። ጎን ለጎን ካለው ሳይክል ላይ ወጥታ አብራት መዘወር ጀመረች፤ መጀመሪያ ልል፣ ሰውነት እስኪሞቅ ድረስ። ከዚያ ወርዳ በሳይክሎቹ መሀል መዞር ያዘች። ልማዷ ነው፤ እየዞረች የእያንዳንዱን ማጥበቂያ በእጇ ታጠብቃለች። ሸምበቆ ጋ ስትደርስ ጠመዘዘች። ተመልሳ ስትመጣም ጠመዘዘች።

ማጥበቂያው ከመያዣው ሥር፣ ከሸምበቆ እጅ አጠገብ ነው ያለው። ከፈለገች በራሷ ጣት ማላላት ትችል ነበር። ግን ሯጮቿ ፊት ለፊቷ ቆመዋል፤ ጋዜጣ ነው የጎደለው ያለችው ራሷ ናት። ጥይት የተማመነችው በማጥበቂያው ሳይሆን በዚህ ነበር። ሸምበቆን ታውቃታለች። ይቺ ሴት ትወድቃለች እንጂ አታላላም።

«ትንሽ ዳገት እንጨምር?» አለቻት ጆሮዋ ላይ ጎንበስ ብላ፣ ድምፅዋን እንደ ማር አጣፍጣ።

«ጨምሪ» አለች ሸምበቆ በተቆራረጠ ትንፋሽ።

ጨመረች። የሸምበቆ ጀርባ፣ ያ ውልፍት የማይል ጀርባ፣ መጀመሪያ ወደ ቀኝ፣ ከዚያ ወደ ግራ መወዛወዝ ጀመረ። ጥይት ቆማ አየችው። በሕይወቷ ካየችው ነገር ሁሉ እንደዚያ ያማረ አልነበረም። አንጀቷ ቅቤ ጠጣ። ሌላው ሰው አርፎ ውኃ ሲጠጣ ሸምበቆ ብቻዋን ትዘውር ነበር፤ ፊቷ ዓመድ መስሏል፣ ከንፈሯ ተሰነጣጥቋል፣ ጭኗ በቱታው ውስጥ ሲንቀጠቀጥ በዓይን ይታያል። ትንፋሽስ ነበራት፤ የሯጭ ትንፋሽ። ጭኗ ነው እንቢ ያላት። በመጨረሻ ፔዳሉ ግማሽ ዙር ላይ ቀጥ አለ። ልትወርድ እግሯን ስታወጣ እግሯ አልታዘዝ አላት፤ ተንሸራታ ወለሉ ላይ ዝርግት አለች፣ ጭኗን በሁለት እጇ ይዛ።

ሰው ሊያነሳት ተሯሯጠ። ጥይት ቀደመቻቸው። ፌስታሉን ከጥግ አንስታ መጣችና አጠገቧ ቁጢጥ አለች። አንድ ሙዝ አወጣችላት።

«ምን ይደረግ እህቴ፣ ሳይክል ነው።»

ሌላው ሰው ቀልድ መስሎት ሳቀ። ሸምበቆ ግን ሙዙን አየች፣ ፌስታሉን አየች፣ ከዚያ ቀና ብላ ጥይትን አየች። የፊቷ ላብ እንኳ የቆመ መሰለ። ሙዙን ተቀብላ ልጣጩን አወረደችና በላች።

«አሁን ተራሽ ነው» አለች በልታ ስትጨርስ፣ እዚያው ወለሉ ላይ እንዳለች።

ጥይት ይኼን ክፍል አላሰበችበትም ነበር። ያን ሁሉ ዓመት ሐሳቧ ሸምበቆ የምትወድቅበት ቦታ ሲደርስ ይቆም ነበር። የመሮጫ ማሽኑ ላይ ወጣች። ጉልበቷ ከተሰበረ ወዲህ ለታክሲ እንኳ ሮጣ አታውቅም። ማሽኑ በዝግታ ተነሳ፤ መራመድ፣ ፈጠን ማለት፣ ከዚያ ሩጫ።

ትንፋሿ አልከዳትም። ሳይክሉ ያሳደገው ደረት ከፋብሪካው ሜዳ ጊዜ ይበልጥ ሰፍቷል፤ በአፍንጫዋ እየተነፈሰች ነበር። እግሯ ግን መሬት መምታትን ረስቷል። እያንዳንዱ እርምጃ ከተረከዟ ተነስቶ ወገቧ ድረስ ይደልቃታል። እንዲያም ሆኖ ትንሽ እንደሮጠች አንዳች ነገር ሰውነቷን ውርር አደረጋት፤ ሁለቱም እግሮች ከመሬት የሚለቁባት ያቺ ቅጽበት፣ ኮርቻ የሌለባት፣ መያዣ የሌለባት። ሳይክል ብዙ ነገር መልሶላት ነበር፤ ይቺን ግን አልመለሰላትም። መርሳቷን እንኳ ረስታው ነበር። ዓይኗ እንባ ሞላ። ሰው ላብ ነው አለ።

ከዚያ ጉልበቷ ውስጥ ቢላ የገባ ያህል ተሰማት። ማሽኑን አጠፋችና በአንድ እግሯ እያነከሰች ወረደች። ትንፋሿ ገና ነበር። የሚሮጥ ልብ ተሸክማ የማይሮጥ እግር ላይ ቆማለች። ንዴቷ እንደ አዲስ ገነፈለ፤ የአሁኑ ከድሮው ባሰ፣ ምን እንደተወሰደባት በእግሯ ዳስሳ ስላወቀችው።

ጋሽ ጡሩምባ «እኩል! እኩል ናችሁ!» እያሉ አጨበጨቡ። የመድኃኒት ቤቷ ሠራተኛ «ሁለታችሁም ወደቃችሁ እኮ፤ እኔ ታዲያ የቱን ልሥራ?» ብላ ሰውን አሳቀች።

ሰው ሲበተን ሁለቱ ደረጃው ላይ ተገናኙ። ሸምበቆ ጭኗ ስለማይታጠፍላት ብረቱን ጨብጣ ፊቷን ወደ ላይ አዙራ የኋሊት ትወርዳለች። ጥይት ፊቷን ወደ ታች አድርጋ በደህናው እግሯ ትወርዳለች። ስለዚህ ፊት ለፊት ተያዩ፤ መሸሻ አልነበረም።

«ፍሬውን አልረሳሽም» አለች ሸምበቆ።

«ቱታሽንም አልረሳሁም።»

«ያቺ የደከመች ልጅ ከፊቴ ዘግታብኛለች፣ ከጎኔ አንቺ አለሽ። መውጫ አልነበረኝም። ወይ አንቺ ወይ እኔ ነበር።»

«እና እኔን መረጥሽ።»

ሸምበቆ አንድ ደረጃ ወረደች፣ ጥርሷን ነክሳ። «አዎ» አለች። «አንቺን መረጥኩ።»

ጥይት ይቅርታ የሚለውን ቃል ጠበቀች፤ ልትጥለው ነበር የጠበቀችው። አልመጣም። ሸምበቆ ከታች ስትደርስ ቀና ብላ፣ «ሐሙስ ሳይክል ላይ ቦታ ያዢልኝ» አለቻትና እያነከሰች ሄደች።

ሐሙስ መጣች፣ የራሷን ፎጣ ይዛ፣ ፊት ረድፍ። ጥይት አጠበቀች። በሚቀጥለውም ሳምንት መጣች፣ አጠበቀች። ሰላም አይባባሉም፤ ሰው ግን የሚዋደዱ የድሮ ጓደኛሞች እያለ ያወራል። ጥይት ቤቷ ስትገባ «ዛሬም አላብኳት» ትላለች፤ እናቷም «ይቅር ብትያት አይሻልም?» ትላታለች። «አይ» ትላለች ጥይት፤ ድሮ ሸምበቆ ስትነሳባት የሚዘጋ ሆዷ ተከፍቶ፣ ሳህኗን ጥርግ አድርጋ ትበላለች።

ጥቂት ወራት አልፈው ጋሽ ጡሩምባ ከታች ከጎማ ቤቱ ጀምረው እየጮኹ መጡ። ሸምበቆ ዕድሜያቸው የገፋ ሯጮች በሚወዳደሩበት ሩጫ ገብታ፣ የመጨረሻው ዳገት ላይ ሁሉንም ጥላ አንደኛ ወጥታለች! «ዳገቱን እንዴት ወጣሽው ሲሏት ምን ብትል ጥሩ ነው? ጭኔን ያበረታልኝ ሳይክል ነው! አሰልጣኜን ትባረክ ነው የምላት!»

ጥይት ቆማ ቀረች። አስባው አታውቅም። እንዴት አላሰበችውም! ያን ሁሉ ጊዜ ማጥበቂያ ስትጠመዝዝባት፣ ስታቃጥላት፣ ስታስለቅሳት፣ ጭን እየሠራችላት ነበር። የሯጭ ልብ እንደሆነ ድሮም ነበራት፤ የጎደላትን ቆጥራ በገዛ እጇ ሰጠቻት። ቤቷ ገብታ ለእናቷ ስትነግራት አሮጊቷ ሆዷን ይዛ እስክታለቅስ ድረስ ሳቀች። ጥይት ግን አልሳቀችም፤ መስኮቱ አጠገብ ተቀምጣ ማሰብ ያዘች።

ሐሙስ ሸምበቆ ሜዳሊያዋን ሳታወልቅ መጥታ ፊት ረድፍ ወጣች። ጥይት እንደ ልማዷ በሳይክሎቹ መሀል ዞረች። የሁሉንም አጠበቀች። ሸምበቆ ጋ ስትደርስ እጇን ወደ ማጥበቂያው ሰደደች፤ ሸምበቆም ጥርሷን ነክሳ ተዘጋጀች። ጥይት ወደ ኋላ ጠመዘዘችው። አላላችው፣ ፈጽሞ አላላችው፣ ፔዳሉ እንደ ልጅ መጫወቻ በባዶው እስኪሽከረከር ድረስ።

«ምን እያደረግሽ ነው?» አለች ሸምበቆ።

«አንቺ ዛሬ ታርፊያለሽ።»

«አጥብቂው እንጂ!» ሸምበቆ እጇን ሰደደች። ጥይት መዳፏን ማጥበቂያው ላይ አድርጋ አላነሳም አለች። ሌሎቹ ጥርሳቸውን ነክሰው ዳገት ይወጣሉ። ሸምበቆ ብቻ፣ ረዥም እግሯ በባዶ እየዞረ፣ በቁጣ ፊቷ ቀልቶ፣ ላብ ሳይወጣት ተቀምጣለች።

«የሚመጣው ሐሙስም እንደዚሁ ነው» አለቻት ጥይት፣ እጇን ሳታነሳ። «ከዚያ ወዲያ ያለውም።»